የከዲጃ ባለጎማ ቤት

ባለፈው ሳምንት የገዛኋትን ባለጎማ ቤት በር ስከፍት መጀመሪያ የተቀበለኝ ሽታዋ ነው፤ ዝናብ የነካው ስፖንጅ፣ የመስኮት ጎማ፣ ከሥሩ ደግሞ ያረጀ ናፍጣ። አፍንጫዬ ከእኔ ቀድሞ አወቀው። ገና አንድ እግሬ ደረጃዋ ላይ እንዳለ፣ በዚህ ዕድሜዬ፣ የጎረመሱ ልጆች እናት ሆኜ፣ ያ የድሮው ቅናት ተመልሶ መጣ።

ቤቷ ከአንድ ሰፊ አልጋ ብዙም አትበልጥም። የመንገድ ሥራ ካምፕ ሲነሳ በጨረታ የተሸጠች፣ በመኪና የምትጎተት ናት፤ መካነ ሰላም ካለው ግቢያችን ጥግ አስገብተን ጎማዎቿን በድንጋይ አስደገፍን፣ እኔም መጋረጃ ሰቅዬ፣ ሁለት ብርድ ልብስና አንድ የሻይ ማንቆርቆሪያ ይዤ ገባሁባት። ባለቤቴ «ደህና ቤት እያለሽ ምን ነክቶሽ ነው?» ይለኛል። ለእንግዳ ትሆናለች አልኩት። ውሸቴን ነው። እንዲህ ያለች ቤት ከሠላሳ ዓመት በላይ ስመኝ ኖሬያለሁ፤ ያስመኘችኝም ከዲጃ ናት።

ከዲጃ የጎረቤታችን የጋሽ ይመር ልጅ ነበረች። ጋሽ ይመር የመንገድ ሥራ ግሬደር ይነዱ ነበር፤ ከአጥራችን ወዲያ አንዲት ክፍል ተከራይተው ይኖራሉ። እኔና ከዲጃ አንድ ክፍል እንማራለን፣ አንድ ዴስክ ላይ እንቀመጣለን፣ ዳቦ ከተገኘ ለሁለት እንገምሳለን። እውነቱን ልናገርና፣ እስከዚያን ቀን ድረስ የምቀናባት ነገር አልነበረም፤ እንዲያውም እኛ የራሳችን የቆርቆሮ ቤትና ሁለት ላም ስላለን እበልጣታለሁ ብዬ ነበር የማስበው። አንድ ቅዳሜ ግን፣ ገበያተኛው መንገዱን እንደሞላ፣ አንድ የጭነት መኪና ወገቧ ላይ አረንጓዴ መስመር ያላት ነጭ ቤት እየጎተተ መጥቶ እነከዲጃ ግቢ ገባ። ጋሽ ይመር ከካምፕ ገዝተዋት ነው። ሰው ሁሉ ገበያውን ትቶ ተከተለ። «ወይ ጉድ! ቤት በእግሩ መጣ!» አሉ አንዲት ሴትዮ፣ የገዙትን ጨው እንደታቀፉ።

ገብቼ ያየሁትን ምነው ባላየሁት። ጠረጴዛው ይታጠፍና አልጋ ይሆናል። ወንበሩን ብድግ ሲያደርጉት ሆዱ ውስጥ ልብስ ይቀመጣል። መስኮቱ እንደ ሰው ቤት ወደ ጎን ሳይሆን ወደ ላይ ነው የሚከፈተው፤ ከሥሩ የተቀመጠ ሰው አገሩን ሁሉ ቁልቁል ያያል። ከዲጃ እየዘለለች አንድ በአንድ ታሳየኛለች፣ እኔ በቅናት እርር ድብን እላለሁ። የእኛ ቤት ጠረጴዛ ጠረጴዛ ብቻ ነው፤ ሌላ ምንም አይሆንም። «መጥተሽ እደሪ፤ መስኮቱ ጋ ያለው ቦታ ያንቺ ነው» አለችኝ። ልቤ ሊፈነዳ ደረሰ፤ አፌ ግን «እኛ ቤት ይሻለኛል፣ ይሄ የዶሮ ቆጥ ነው የሚመስለው» አለ። ከዲጃ ሳቀች። አለመከፋቷ ደግሞ ይበልጥ አናደደኝ።

በእኛ አገር አዲስ ቤት ያለ ዱዓ አይገባም። እስላም ክርስቲያን ሳይባል ጎረቤት ይሰበሰባል፣ ሽማግሌ ይመርቃል፣ ሌላው አሚን ይላል። እያወቀ ዝም ያለ ሰው ምርቃቱን እንደቆረጠ ይቆጠራል፤ ይህን ሕፃኑም ያውቃል። እናቴ ድፎ ዳቦ ጋግራ አሸከመችኝ። አስቡት፣ ዓይኔ ደም ለሚለብስበት ቤት ዳቦ ተሸካሚዋ እኔው ሆንኩ!

ሼህ እንድሪስና ሌሎች አምስት ሽማግሌዎች ወደ ውስጥ ገቡ፤ የቀረነው በርና መስኮቱ ላይ ተኮለኮልን። ትልቅ ሰው በር አጠገብ አይቀመጥምና፣ ጋሽ ይመር «ወደ ውስጥ፣ ወደ ውስጥ ዝለቁ እንጂ!» እያሉ ስድስቱንም ከቤቷ መጨረሻ አስቀመጧቸው። ታዲያ ያቺ ቤት ያሏት መሐሏ ላይ ሁለት ጎማ ብቻ ናቸው፤ ከኋላዋ ድንጋይ ማስደገፍ ደግሞ ተረስቷል። አክብሮቱ ሁሉ ወደ አንድ ወገን ሲሆንባት ፊቷ ብድግ አለ! ጋቢና ከዘራ ተደበላለቀ፣ ዳቦዬ ተንከባሎ ሼህ እንድሪስ ጭን ላይ አረፈ። «ያረቢ!» ብለው ጮኹ። ሰው በሳቅ ፈነዳ፤ እኔ በልቤ እልል አልኩ።

ድንጋይ ተደርጎ ቤቷ ስትረጋ፣ ሼህ እንድሪስ ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው እጃቸውን ዘረጉ። «ቤታችሁ አይነቃነቅ! ከጎረቤት አይለያችሁ!» አሉ። «አሚን!» አለ ሰው ሁሉ፤ ከዲጃም ከመስኮቱ ሥር ሆና እኔን እኔን እያየች አሚን አለች። እኔ ጥርሴን ገጠምኩ። ምርቃቱ እስኪያልቅ አንዲት ድምፅ አልወጣኝም። ማንም አላወቀብኝም።

ክረምቱ አልፎ መስከረም ሲጠባ የመንገዱ ሥራ ወደ ደጎሎ ዞሯል ተባለ፤ ጋሽ ይመር ቤታቸውን አስጎትተው ሊሄዱ ነው። ያን የሰማሁ ለት እህል አልወረደልኝም። ሰው ሁሉ «እንጀራ ነው፣ ምን ይደረግ» አለ፤ እኔ ግን ቤቱን የነቀነቀችው ያቺ ያስቀረኋት አሚን እንደሆነች አልተጠራጠርኩም፤ ለእናቴ እንኳ መናገር ፈራሁ። የሚሄዱ ዕለት ጧት መኪናው መጎተት ሲጀምር ከዲጃ በዚያች መስኮት ብቅ ብላ እጇን አወዛወዘች። እግሬ በራሱ ተነሳ። እስከ ከተማው መውጫ ድረስ አቧራ እየቃምኩ «አሚን! አሚን!» እያልኩ ተከተልኳቸው። መንገደኛው «ሸጋ ልጅ፣ ጎረቤቶቿን እየመረቀች ትሸኛለች» አለ። መኪናው አልቆመም። የኔ ነገር! እያለቀስኩም፣ ከነቤቷ አገር ልታይ ነው ብዬ ቀናሁባት። ከደጎሎ አንድ ጊዜ በሰው ሰላምታ ልካብኛለች፤ ከዚያ ወደ አቀስታ ተሻግረዋል ሲባል ሰማሁ፣ ከአቀስታ ወዲያ ወሬዋ ጠፋ።

ትናንት እኔም ለዱዓ ጎረቤት ጠራሁ። ከኋላ ድንጋይ አስደግፌያለሁ፤ እሱን እንኳ ተምሬያለሁ። መጋረጃዬን አሳየሁ፣ ጠረጴዛዬን አጠፍኩ፣ መስኮቴን ወደ ላይ ከፈትኩ፤ አንድም የቀና ሰው የለም። ጭራሽ እትዬ ዘውዴ፣ የሰፈራችን ትልቅ ሴት፣ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው «አብሽሪ ልጄ፣ ከባልሽ ያስታርቅሽ» ብለው መረቁኝ! ተጣልቼ የወጣሁ መስሏቸዋል። ሰው ሁሉ በሐዘኔታ አሚን አለ፤ ከሁሉ ጮክ ያለው ባለቤቴ ነው።

ሲሄዱ ብቻዬን ቁጭ ብዬ ጠረጴዛውን አጠፍኩ፣ ዘረጋሁ፣ መልሼ አጠፍኩ። ይኼው ነው፤ ያን ያህል ዓመት የተቃጠልኩለት ነገር አንድ ጣውላና ሁለት ማጠፊያ ነው። ከዲጃ ባየችልኝ፣ የጥፍር ታህል እንኳ በቀናችልኝ አልኩ። ግን አውቃታለሁ፣ አትቀናም፤ አሚን ነው የምትለኝ፣ ጮክ ብላ። መስኮቱ ጋ ባለው ቦታ ደህናውን ብርድ ልብስ አንጥፌያለሁ። እኔ እስካሁን አልተቀመጥኩበትም።