የለሚ ኩራዋ እናት ጅብ

ይህን ባታምኑኝ አልቀየማችሁም። ለሚ ኩራ፣ አዲስ ከሚሠራ ኮንዶሚኒየም ጀርባ፣ አንዲት ጅብ በተጣለ የጎርፍ ቱቦ ውስጥ ወልዳ ነበር። እኔ የዱር እንስሳት ፎቶ አንሺ ነኝ። ቱቦው በኤክስካቫተር ሊነሳ መሆኑን ስሰማ በማለዳ ሄድኩ። ብርሃኑን አይቼ ቦታ መረጥኩና ቡላ ጨርቅ ተከናንቤ በደረቴ ተኛሁ። የኤክስካቫተሩን ኦፕሬተር ጌቱንም፣ "እጄን ሳነሳ ሞተሩን አስነሳ፤ ያኔ ደንግጣ ትወጣለች" አልኩት።

"ወንድሜ፣ ጅብ እኮ በቀጠሮ አይወጣም" አለኝ።

እውነትም እጄን ሳላነሳ ወጣች። ጥቁር ግልገሏን በአፏ አንጠልጥላ በቀጥታ ወደ እኔ መጣች። ሌንሴን ለሩቅ ስላዘጋጀሁት በዚያ ቅርበት ከጭጋግ በቀር የሚያሳየኝ ነገር አልነበረም። ልቀይር ብል ደግሞ መንቀሳቀስ ሊኖርብኝ ነው። ትንፋሿ ፊቴን ሲነካኝ በሆዴ "እግዚኦ" አልኩ። ጌቱ ከማሽኑ ላይ ሆኖ እንዳልነቃነቅ በእጁ ምልክት ሰጠኝ።

ካሜራውን ቀስ ብዬ መሬት ላይ ለቀቅኩት። ከዚያ በኋላ መተንፈስ ብቻ ነበር የቀረኝ። የሚገርመው፣ ያን ጊዜ ፍርሃቱ ቀለል አለኝ። የማስተካክለውም የምመርጠውም ነገር አልነበረም፤ የሚሆነው ሁሉ በእሷ እጅ ነበር።

ቆማ ዓይን ዓይኔን አየችኝ። ከዚያ ግልገሏን ክንዴ ሥር አስቀመጠችና ሁለተኛውን ልታመጣ ወደ ቱቦው ተመለሰች።