የወንድሜን ድምፅ ለእናቴ ያሰሙት ጋሽ ይመር

ጋሽ ይመር እንድሪስ በዚህ ሳምንት ከዚህ ዓለም ተለይተዋል። መርዶውን የነገረችኝ የመጀመሪያ ልጃቸው ፋጡማ ናት። «አባባ ከአስር ሰላት በኋላ ጋደም እንዳሉ አልተነሡም» አለችኝና ሌላ መናገር አቃታት። በማግሥቱ የአቃቂ ሰው ወጥቶ ሸኛቸው። ሹፌሩ፣ ነጋዴው፣ ጡረታ የወጣው የፋብሪካ ሠራተኛ ሁሉ ስለ ሙያቸው ሲያወራ ዋለ። እኔ ዝም ብዬ ቆሜ ነበር። በሕይወት ሳሉ ለማንም እንዳልናገር የከለከሉኝ አንድ ነገር አለና ነው። «እኔ ካለፍኩ በኋላ ግን እንደወደድክ» ብለውኝ ነበር። ስለዚህ ለምታውቋቸው ሁሉ ይህን ጽፌአለሁ።

ጋሽ ይመር ወሎ ተወልደው ገና በወጣትነታቸው ከከባድ መኪና ሹፌር አጎታቸው ጋር ወደ አቃቂ መጡ። መኪናውን አልወደዱትም፤ የወደዱት መኪናው ውስጥ ያለውን ሬዲዮ ነው። አቃቂ በሰቃ ውስጥ በቆርቆሮ የተሠራች አንዲት ክፍል ተከራይተው የሬዲዮ ጥገና ከፈቱ። ዕቃ ሊያሠራ የመጣ ሰው ሁልጊዜ አንድ ድምፅ ይቀበለው ነበር፤ የአባታቸው መንዙማ። አባታቸው ሊሞቱ ሰሞን አንድ ዘመድ በካሴት ቀርጾ ያመጣላቸው ነው። ካውያቸውን ይዘው ሲበይዱ ከንፈራቸው አብሮ ይንቀሳቀሳል።

በዕድሜ ከእኔ ብዙም አይርቁም ነበር፤ ነገር ግን ረጋ ያሉ ሰው ስለነበሩ ገና ከመጀመሪያው ጋሼ አልኳቸው፤ እንደዚያው ቀረ። ሰው ሬዲዮውን ሲያመጣ ምን ጣቢያ እንደሚሰማበት አይጠይቁም። በዚያ ዘመን ይህ ትልቅ ነገር ነበር። አንድ ቀን አንዱ ጎረቤት የእገሌ ሬዲዮ መርፌው የት ጣቢያ ላይ እንደቆመ ሊያወጣጣቸው ሲሞክር «እኔ የሰው ዕቃ እንጂ የሰው ጉዳይ አልከፍትም» ብለው ሥራቸውን ቀጠሉ። ባሏ የሞተባት ሴት የተበላሸ ሬዲዮ ብታመጣ ሲሠራ ሰንብቶ ሳይሆን በዚያው ቀን ይዛ እንድትሄድ ያደርጋሉ። «ብቻውን ያለ ሰው ቤት ጸጥ ማለት የለበትም» ይሉ ነበር።

እኔ በዚያን ጊዜ አቃቂ ካሉት ፋብሪካዎች በአንዱ የሥራ አስኪያጁ መኪና ሹፌር ነበርኩ። ታናሽ ወንድሜ ብርሃኑ ተማሪ ነበር። በቀይ ሽብር ከቤት ወስደው ገደሉት፤ አስከሬኑን አልሰጡንም። ማልቀስም ተከለከለ። ለፀረ አብዮት ያለቀሰ ፀረ አብዮት ነው ተባልን። ቤታችን ከጎረቤት የሚለየው በስስ ግድግዳ ነው። እናቴ ነጠላዋን ሳታዘቀዝቅ፣ ደረቷን ሳትመታ፣ ልቅሶዋን ውጣ ከረመች። ጆሮዋም ደክሞ ነበር፤ በዚያ ሰሞን ደግሞ ይበልጥ ባሰባት።

አንድ ቀን የብርሃኑን መጻሕፍት ከሳጥን ሳወጣ ካሴት አገኘሁ። በአንድ የፋሲካ ዕለት ከጓደኛው በተዋሰው ቴፕ የቀረጸው የቤታችን ጨዋታ ነው። ለእናቴ ነገርኳት። ድምፁን ካላሰማኸኝ ብላ እህል አልቀምስ አለች። ያለን ቴፕ ትንሽ ነው፤ ስፒከሩ ተቃጥሎ ድምፅ የሚያወጣው በጆሮ ማዳመጫ ብቻ ነው። በእሱ ደግሞ እናቴ ምንም አትሰማም። ሌላ ቴፕ ተውሼ ቤት ውስጥ ጮክ አድርጌ ብከፍተው የሞተው ልጅ ድምፅ ለጎረቤት ሁሉ ይሰማል። ያኔ ነው መኪናው ትዝ ያለኝ። መስኮቱ ሲዘጋ፣ ሞተሩ ሲነሣ፣ ውስጥ ያለውን ማንም አይሰማም፤ የበሮቹ ስፒከሮች ደግሞ ለእናቴ ጆሮ በሚበቃ ኃይል ይጮኻሉ።

ችግሩ የመኪናው ሬዲዮ ነበር። መኪናው ሲሠራ አብሮ የተገጠመ ነው፤ ጣቢያ ከመያዝ በቀር ሌላ ሥራ የለውም፤ ቴፕ የሚሰካበት ቀዳዳም አልተሠራለትም። ለጋሽ ይመር ነገሩን ሳልደብቅ ነገርኳቸው። ካሴቱን ተቀብለው በእጃቸው አገላበጡት። ከዚያ ስለ ወንድሜ ሳይሆን ስለ ሬዲዮው ማስረዳት ጀመሩ። ሬዲዮው ከጣቢያ የያዘውን ድምፅ መጀመሪያ ወደ ቮልዩሙ ያመጣዋል፤ ቮልዩሙ ጋ ስንደርስ የሬዲዮውን ድምፅ በማጥፊያ እንዘጋና በእሱ ፈንታ የቴፑን እናስገባለን፤ የቀረውን ሬዲዮው ራሱ አጉልቶ ወደ በሩ ስፒከሮች ይልከዋል አሉኝ። የሚያስፈልገው ቀጭን ሽቦ፣ ከመሪው በታች የምትደበቅ መሰኪያና ትንሽ ማጥፊያ ብቻ ነው።

ሥራ አስኪያጁ በሌላ መኪና ለስብሰባ ሄዶ ከተማ በዋለበት ቅዳሜ መኪናውን በራቸው ላይ አቆምኩት። በካቻቢቴ ሬዲዮውን ፈትተው ወደ ውጭ ሳቡት፤ ሆዱን ከፈቱ፤ ከቮልዩሙ እግር ላይ ሽቦዋን በየዱ። እኔ ደጅ ቆሜ መንገዱን አያለሁ። ሲጨርሱ የወንድሜን ካሴት ከቤት ባመጣሁት ቴፕ ውስጥ አደረጉና ትንሽ አስኬዱት። የብርሃኑ ሳቅ ከሁለቱም በር ወጣ። ጋሽ ይመር ወዲያው አጠፉት። «እናትህ ሳይሰሙት እኛ አንሰማውም» አሉኝ።

ከመንገዱ ማዶ የቀበሌውን አብዮት ጥበቃ ሊቀመንበር ያየሁት በዚያች ቅጽበት ነው። መሣሪያ የያዙ ሁለት ሰዎች ከኋላው ይከተሉታል። ሰፈሩን ለቆ የማያውቅ፣ ብርሃኑንም ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያውቅ ሰው ነው። «መጡ» አልኩ ሳልዞር። ከኋላዬ የሰማሁት የሱቁ ቆርቆሮ በር መከፈትና መዘጋት ብቻ ነበር። ዘወር ስል ጋሽ ይመር አንድ እግራቸውን ወደ ውጭ አውጥተው የሬዲዮውን ብሎን ያጠብቃሉ።

ሊቀመንበሩ ሰላም አላለንም። በመንግሥት መኪና ውስጥ የመገናኛ ሬዲዮ እየተተከለ ነው የሚል ጥቆማ ደርሶኛል አለ። መሰኪያዋን ሲያይ ፊቱ ተለወጠ። መልእክት ማስተላለፊያ ነው ከተባለ የሚመጣውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ጋሽ ይመርን ከፊት፣ እኔን ከመሪው ኋላ አስቀምጦ፣ እሱ ከታጣቂዎቹ ጋር ከኋላ ገብቶ ወደ ቀበሌው አስነዳኝ። ቴፑ በእሱ ጭን ላይ ነው። የወንድሜ ካሴት ውስጡ እንዳለ ነው የማውቀው።

ቀበሌው ግቢ ውስጥ ጋሽ ይመር ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ አስረዱ። ይህች ሽቦ ድምፅ ታስገባለች እንጂ አታስወጣም አሉ። ማጥፊያዋን ገፍተው የሽቦዋን ጫፍ በጣታቸው ሲነኩ ስፒከሩ ጓ አለ፤ አንደኛው ታጣቂ ጠመንጃውን አቀባበለ። ጋሽ ይመር ጣታቸውን አላነሡም። ማስተላለፊያ ቢሆን ድምፁ እዚህ ሳይሆን ሌላ ቦታ ይሰማ ነበር ብለው ቀጠሉ።

ሊቀመንበሩ ወደ እኔ ዞረ። «አንተስ ምን ልታዳምጥበት ነው? የወንድምህ ነገር አልወጣልህም?» አለኝ።

መንገድ ሲረዝም ሙዚቃ ልሰማበት ነው አልኩ።

«እንግዲያው ሙዚቃውን እንስማዋ» አለና ቴፑን ለጋሽ ይመር ሰጣቸው።

ሰኩት። አይኔን ጨፈንኩ። ብርሃኑ ሲስቅ፣ ሊቀመንበሩ ድምፁን ሲለይ፣ እናቴ ሌላ ልጅ አጥታ ብቻዋን ስትቀር ታየኝ። ጋሽ ይመር ቁልፉን ተጫኑት። ከስፒከሩ የወጣው የሽማግሌ ድምፅ ነበር። የአባታቸው መንዙማ ነው፤ ከጀርባ ያለው ጭብጨባ ሳይቀር ይሰማል። አይኔን ስገልጥ ጋሽ ይመር መሬት መሬቱን ያያሉ፤ እንደ ወትሮው ከንፈራቸው ግን አልተንቀሳቀሰም።

ሊቀመንበሩ ጥቂት ካዳመጠ በኋላ በመሀል የገባው ዐረብኛ ምን እንደሚል ጠየቀ። ሲነግሩት አላመነም። የተደበቀ መልእክት ሊኖረው ይችላል፤ ካሴቱ ለበላይ አካል ተልኮ ይመረመራል፤ ሰውየውም እስኪጣራ እዚሁ ይቆያል አለ። መኪናው የፋብሪካው ስለሆነ እኔን ከነባዶ ቴፑ ለቀቀኝ። ታጣቂው መሰኪያዋን ከነሽቦዋ ጎትቶ በጠሳት።

የወንድሜ ካሴት የት እንደገባ አላወቅሁም። ልብሳቸው ውስጥ ከሆነ ሲፈተሹ ይገኛል ብዬ በየቀኑ ተጨነቅኩ። ወደ ከተማ ስመላለስ ቃሊቲ ኬላ ላይ መኪናውን ከላይ እስከ ታች ይፈትሹታል፤ እኔ ግን በሐሳብ እርሳቸው ዘንድ ነኝ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ዘሃራ ስንቅ ታመላልስ ነበር። አንድ ቀን ቤታችን መጣችና ከበር ሳትገባ «ያንን ሬዲዮ ሌላ ሰው እንዳይነካው፤ ወጥቼ እኔው እጨርሰዋለሁ ብለውሃል» አለችኝ። ያኔ ገባኝ። ካሴቱ ከሬዲዮው ጀርባ፣ ክፍተቱ ውስጥ ነበር። ያን ሁሉ ኬላ ይዤው ሳልፍ ከርሜአለሁ።

ጋሽ ይመር ከስተው፣ ጢማቸው ሸብቶ ወጡ። ተደብድበው እንደሆነ ብጠይቃቸው ወሬውን ወደ ዘሃራ ምግብ አዞሩት። የአባታቸው ካሴት አልተመለሰም። ልንጠይቅ እንሂድ ስላቸውም እሺ አላሉም። በሳምንቱ ግን መኪናውን አምጣ አሉኝ። እንደገና ቢይዟቸው ሁለተኛ እንደማይወጡ እያወቁ፣ ሬዲዮውን ፈትተው ካሴቱን ከጀርባው አወጡና ሽቦዋን ዳግመኛ በየዱ። ካውያውን በሁለት እጃቸው ይዘው ነው የበየዱት።

እናቴን ሐኪም ቤት እወስዳለሁ ብዬ አስፈቅጄ አንድ ጠዋት ሦስታችን ወደ ዱከም መንገድ ወጣን። ጋሽ ይመር ከኋላ ተቀምጠው ቴፑን ይዘዋል። ገላንን አልፈን ሜዳው ሲከፈት መስኮቶቹን ዘጋን። እናቴ ምንም ሳንላት ነጠላዋን አዘቀዘቀች። ጋሽ ይመር ቁልፉን ተጫኑ።

ብርሃኑ ሳቀ። ስለ ዶሮው ወጥ ቀለደ፤ እኔን ሰደበኝ። ከዚያ ቴፑን ወደ እናቴ አስጠግቶ ያንጊዜ እምቢ ያለችውን ይለምናት ጀመር። «እማዬ፣ አንድ ነገር በይ እንጂ። ድምፅሽ ይቀረጻል» አለ። በካሴቱ ውስጥ እናቴ ይህን ነገር ከፊቴ አንሳ ትለዋለች። በመኪናው ውስጥ ግን ወደ በሩ ስፒከር ጎንበስ አለችና «ምን ልበልህ፣ ልጄ? ምን ልበልህ?» አለችው። ከዚያ የከረመው ልቅሶ ሁሉ ወጣ። ደረቷን መታች፤ ስሙን እየጠራች ጮኸች። መኪናውን ቀጥ አድርጌ ለመያዝ ታገልኩ። ጋሽ ይመር ከኋላ ሆነው ትከሻዋን ደገፏት፤ እርሳቸውም በግልጽ ያለቅሳሉ።

ስንመለስ ሽቦዋን ነቅለው መኪናውን እንደ ነበረ አደረጉት። ስለ አባታቸው ካሴት ይቅርታ ልጠይቃቸው ጀመርኩ። ነገሩ ገብቷቸው «እኔ የአባቴን ድምፅ ዓመታት ሰምቼዋለሁ፤ እናትህ ግን ልጃቸው ከሞተ ወዲህ ድምፁን አንድ ጊዜ እንኳ አልሰሙም ነበር» አሉኝ። ከዚያ በኋላ በሱቃቸው መንዙማ አልሰማሁም። ደርግ ሲወድቅ በየቢሮው ዞሬ ጠየቅሁ፤ የሚያውቅ አልተገኘም። ሊቀመንበሩም አርጅቶ ሬዲዮ ሊያሠራ ሲመጣ ተቀብለው ሠሩለት። እንዴት ቻሉት ብዬ ብጠይቅ «ሬዲዮው ምን አጠፋ?» ብለው ሌላ ዕቃ አነሡ።

ጋሽ ይመር፣ እናቴ እስክታርፍ ድረስ ስትመርቅ ስምዎን ከልጆቿ ስም ጋር ትጠራ ነበር። ለዘሃራና ለልጆችዎ አላህ ብርታቱን ይስጥልኝ፤ ለእርስዎም ማረፊያዎን ጀነት ያድርገው። በዚያ ዘመን ሐዘን ሲከለከልብን የምናለቅስበት ቦታ ሠሩልን። ዛሬ ማንም አልከለከለኝም። ደጄን ከፍቼ፣ ሰፈሩ ሁሉ እየሰማኝ፣ ጮክ ብዬ አለቅስልዎታለሁ።