አምስት ሰዓት ተኩል ላይ የሚዘጋው በር

የሙከራ ጊዜዬ ሊያልቅ አንድ ሳምንት ሲቀረው ማሽኖቹ መጥፋት ጀመሩ። ቢሯችን ልደታ፣ ፍርድ ቤቱ አጠገብ ነው፤ የጠበቆችን ሰነድ በራሳችን ሰርቨር ላይ እናስቀምጣለን። ሰርቨሩ አንድ ትልቅ ኮምፒዩተር ነው፤ በውስጡ ብዙ ኮምፒዩተሮች እንደ ተከራይ ክፍል ክፍላቸውን ይዘው ይኖራሉ፤ ቨርቹዋል ማሽን የሚባሉት እነሱ ናቸው። ጠዋት ደህና ይሠራሉ። ረፋዱ ላይ ስልኩ ይጮሃል፤ "ፋይሌ አልከፈት አለኝ።"

"ማሽኖቹ ለምሳ ይቸኩላሉ" ይላል አጠገቤ የሚቀመጠው ወጣት ባልደረባዬ። "እትዬ፣ እስቲ አንድ ቀን ተከትለው የት እንደሚበሉ ይዩልን።"

አልሳቅሁም። ፊደል የቆጠርኩት ልጄን ትምህርት ቤት ካስገባሁ በኋላ ነው። በማታ ተምሬ፣ በአርባ ሁለት ዓመቴ ያገኘሁት የመጀመሪያ የቢሮ ሥራ ይኸው ነበር። ዓርብ ኃላፊዋ ወይ ትቀጥረኛለች ወይ ታሰናብተኛለች።

ገመዱን ፈተሽኩ። ማሽኖቹን አጥፍቼ አስነሳሁ። እርስ በርሳቸው ይነጋገራሉ፤ ዝም የሚሉት ከውጭ ሲጠሯቸው ነው። ሌላ መላ ሳጣ የጠፉበትን ሰዓት በደብተሬ ያዝኩ። ሰኞ አምስት ሰዓት ተኩል። ማክሰኞ አምስት ሰዓት ተኩል። ረቡዕም ደቂቃ አላዛነፉም።

ብልሽት እንዲህ ሰዓት አያከብርም። ቀና ስል የኮምፒዩተሩ ሰዓት 11፡30 ይላል። ኃላፊዋ በሩ ላይ የለጠፈችው ወረቀትም እንደዚያው፤ "የሥራ ሰዓት ከ2፡30 እስከ 11፡30።" ባለፈው ዓርብ መውጫ ላይ ኃላፊዋ ፋየርዎሉን፣ ከውጭ የሚመጣውን የሚያስገባውንና የሚከለክለውን ዘበኛ፣ በሥራ ሰዓት ብቻ እንዲከፍት ያድርጉ ብላኝ ነበር። ከወረቀቱ አንዲት ነጥብ ሳላጎድል ገለበጥኩት፣ ማታ ትምህርት ቤት ከሰሌዳ እንደምገለብጠው። ማሽኑ ግን በእኛ ሰዓት አይቆጥርም፤ የእሱ 11፡30 የእኛ አምስት ተኩል ነው።

በእሱ አቆጣጠር 8፡30 እና 17፡30 ብዬ አረምኩና ኃላፊዋ ዘንድ ገብቼ የሰዓቱን ስህተት ነገርኳት።

"ማነው የጻፈው?" አለች።

"እኔ ነኝ።"

ደብተሬን ተቀብላ ገለጠችው። "ወረቀቱን አይተው ይጻፉ ያልኩዎትስ እኔ አይደለሁ?" አለች።

ሐሙስ አምስት ሰዓት ተኩል ሲቃረብ ሦስታችንም ስክሪኑ ፊት ቆምን። ሰዓቱ አለፈ። ማሽኖቹ መልስ ይሰጣሉ።

"ዛሬ ጾመኞች ናቸው" አለ ባልደረባዬ። ያኔ ሳቅሁ።

ዓርብ ስወጣ ኃላፊዋ ከወንበሯ ሳትነሳ "ሰኞ ሲመጡ ያን ደብተር እንዳይረሱት" አለችኝ። የቀረው ሁለት ገጽ ብቻ ነበር። ወደ ቤቴ፣ ወደ ጌጃ ሰፈር ስሄድ ከመንገድ አዲስ ገዛሁ።