ከነታንያ እስከ አፉላ፦ አማቴ የሚቀመጡባት ቴንደር

ማክሰኞ ማለዳ ሦስት ሆነን ከነታንያው ሰፈራችን ከሺኩን ቫቲኪም ወጣን፤ እኔ፣ ባለቤቴ ብርቱካንና እናቷ። የጉዟችን ዓላማ ቴንደር መግዛት ነው። እዚህ አገር ከኋላዋ ክፍት የጭነት ቦታ ያላትን መኪና ቴንደር ይሏታል። ያገለገሉ መኪኖች የሚሸጡበት ሃይፋ ዳር ያለ አንድ ግቢ ውስጥ፣ አንድ ዓይነት ቴንደር በሦስት ደረጃ ተሰልፎ እንደሚገኝ የሥራ ባልደረባዬ ነግሮኝ ነበር። ያለ ተጨማሪ መገልገያ የተሠራችው ባዶዋ፣ መካከለኛዋና ሙሉዋ።

ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ከመጣን ስድስተኛ ዓመታችን ነው። እኔ አትክልተኛ ነኝ። ኪርያት ሀሻሮን ውስጥ አዲስ በተሠሩት ረጃጅም ሕንፃዎች መሀል ሣር አጭዳለሁ፣ ችግኝ እተክላለሁ። ሳር ማጨጃ፣ የውሃ ቱቦና የአፈር ከረጢት ለምታመላልስ መኪና ባዶዋ ትበቃኝ ነበር። እንዳትበቃኝ ያደረጉት አማቴ ናቸው።

በእኛ በጎንደሮቹ ዘንድ አማትና አማች ይተፋፈራሉ። አማቴ ከጎኔ አይቀመጡም፣ እኔ እያየሁ አይበሉም፣ ፊታቸውን በነጠላ ሸፍነው ነው የሚያልፉኝ። የሚሉኝ ነገር ካለ ለብርቱካን ይነግሯታል፤ እኔ እዚያው ቆሜ እየሰማሁ እሷ ደግማ ትነግረኛለች። ስለማይወዱኝ አይደለም። የሚወዱኝ እንዲያ ነው።

ባለፈው ክረምት ጉልበታቸውን ሲያማቸው፣ ባለ አንድ ወንበር ረድፍ ቴንደር ከሰው ለምኜ ሐኪም ቤት ልወስዳቸው ነቬ ኢታማር ወዳለው ቤታቸው ሄድኩ። ሞተሩን አሙቄ ስጠብቅ ብርቱካን ብቻዋን ገብታ ከጎኔ ተቀመጠች። አማቴስ የት አሉ? ከኋላ፣ ከሳር ማጨጃውና ከጽጌረዳ ችግኞቹ መካከል። ብንለምናቸው ወይ ፍንክች። ሁለት መንገድ ሳንሻገር ፖሊስ አስቆመን።

«አሮጊቷን ለምን ከኋላ ጫንካቸው?» አለኝ።

«አማቴ ናቸው» አልኩት።

«ታዲያ?»

እያፈርኩ ወደ ቤታቸው መለስኳቸው። ከዚያ ወዲህ ሐኪም ቤት የሚሄዱት በአውቶቡስ፣ ደረጃውን በእጃቸው እየጎተቱ ነው። አፉላ ያሉትን አንድ እህታቸውን ደግሞ ጭራሽ ማየት ተዉ። ሁለት አውቶቡስ መቀያየር አልቻሉም፤ እህትየውም ዳሌያቸው ተሰብሮ ከቤት አይወጡም። ከፋሲካ ጀምሮ እህትማማቾቹ በስልክ ብቻ እየተላቀሱ ከረሙ። ስለዚህ ብርቱካን ቁርጡን ነገረችኝ። «እማ የማትቀመጥባትን መኪና እንዳትገዛ። ከተቀመጠች ዛሬውኑ አፉላ እንሄዳለን።»

ወደ ሃይፋ

አማቴን በሁለት በኩል ደግፈን አውቶቡስ ላይ አወጣናቸው። ደግፈን ስል ብርቱካን እጃቸውን ይዛ፣ እኔ ዘንቢላቸውን ይዤ። እነሱ ከኋላ ተቀመጡ፣ እኔ ከሾፌሩ ጀርባ። ሐዴራን ካለፍን በኋላ በግራ ባሕሩ፣ ከመንገዱ ዳርና ዳር የዓሣ ኩሬዎችና የሙዝ እርሻዎች እየታዩ ሄዱ። ቀርሜሎስ ተራራ በቀኝ ሲጠጋ አማቴ ለብርቱካን «የደባት ዳገት አይመስልም?» ሲሉ ሰማሁ። ይመስላል። ዞሬ «ይመስላል» ማለት ግን ስለማልችል ለሾፌሩ ጀርባ ራሴን ነቀነቅኩ።

ከሦስቱ ፊት

ሻጩ ሹኪ ይባላል፤ ሆደ ሰፊ፣ ሳቂታ ሰው ነው። ሦስቱ ቴንደሮች ከፊቱ ቆመዋል። መጀመሪያ ነጯን ባዶዋን አሳየን። ሁለት በር፣ አንድ ረድፍ ወንበር፣ መስኮቱ በእጅ የሚዞር፣ ማዝጋን የሚባለው ማቀዝቀዣም የላት። የጭነት ቦታዋ ግን ወለል ያለ ነው። መለኪያ አልያዝኩም፤ ስለዚህ ወጥቼ ተጋደምኩባት። ከነጫማዬ ሞላሁላትና ገና ቦታ ተረፈ። ከተጋደምኩበት ቀና ስል አማቴ የኋላ መዝጊያውን በእጃቸው መታ መታ እያደረጉ ነው።

«ይቺማ ጥሩ ናት» አሉ ለልጃቸው። «እዚህ ላይ ትራስ ቢያነጥፉልኝ ይበቃኛል በያቸው።»

«እማ፣ ሚሽታራ ይይዘናል» አለች ብርቱካን።

«ፖሊስ አማት የለውም?»

ባዶዋ በዚሁ ቀረች።

ሹኪ ወደ ቀይዋ፣ ወደ ሙሉዋ ወሰደን። እውነቱን ልናገር፣ ልቤ ድክም አለ። አራት በር፣ በቁልፍ ሲነኩት የሚወርድ መስኮት፣ የሚያብረቀርቅ ብረት ከፊትም ከኋላም፣ ካሴት፣ ወለሉ ሙሉ ምንጣፍ። ራሴን በኪርያት ሀሻሮን መሀል ስነዳት አየሁት። ብርቱካንም እያየሁት መሆኔን አየች።

«ጽጌረዳዎቹ ካሴት ይሰማሉ እንዴ?» አለችኝ።

«መሞከር ነው እንጂ» አልኩ። ገባን፤ አማቴ ከኋላ፣ ብርቱካን ከጎኔ፣ ሹኪ ከአማቴ በወዲያኛው ጫፍ። የኢንዱስትሪ ሰፈሩን አንድ ጊዜ ዞርነው። መኪናዋ አትነዳም፣ ትንሳፈፋለች። ተመልሰን ግቢው ስንገባ አስፋልቱ ላይ፣ መኪናዋ ቆማበት በነበረው ቦታ፣ የአማቴ ጥቁር ጫማ ጎን ለጎን ተቀምጦ እየጠበቀን ነበር። ምንጣፉን ሲያዩ አውልቀውት ነው የገቡት።

«ሰው ከሚተኛበት ነገር ላይ በጫማ ይወጣል?» አሉ።

ሹኪ እስኪያስለው ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፤ ግን የራሴን ቦት ጫማ አየሁት፣ ከትናንት ጭቃ ጋር ነው። አማቴ ጫማ የሚያወልቁባት መኪና የአትክልተኛ መኪና ልትሆን አትችልም። ቀይዋን ስሰናበት መስኮቷን አንድ ጊዜ አውርጄ መለስኩላት።

የቀረችው መካከለኛዋ ናት፣ አመድማ ቀለም። አራት በር፣ ከኋላ ጠበብ ያለ ወንበር፣ ማዝጋን አላት። መስኮቷ በእጅ ነው። ወለሏ በጨርቅ የሚወለወል ላስቲክ ነው። ከኋላው በር በላይ ደግሞ የእጅ መያዣ አለ። የጭነት ቦታው ላይ ስጋደም እግሬ ከጉልበቴ በታች ወደ ውጭ ተንጠለጠለ፤ ቱቦውን ጣሪያ ላይ ማሰር ሊኖርብኝ ነው። አማቴ መያዣውን ጨበጡ፣ አንድ ጊዜ ተነፈሱ፣ ማንም ሳይደግፋቸው ገቡ። ተደላደሉ። ከዘንቢላቸው ዳቦ አውጥተው ከወንበሬ ጀርባ ተከልለው መብላት ጀመሩ። እሳቸው ሲበሉ በአንድ ጣሪያ ሥር ሆነን አናውቅም ነበር። ብርቱካን አየችኝ፤ ገዛናት። የመኪና ባለቤትነት ወደሚዛወርበት ፖስታ ቤት ሄደን ስሙን አዛወርን፣ ኢንሹራንሱን ሹኪ በስልክ ጨረሰልን፤ ለእኔም ለመሰናበቻ በስምንት ሼቄል ፈላፍል ጋበዘኝ።

አፉላ

ልንነሳ ስንል ያላሰብኩት ነገር ገጠመኝ። ፊት ለፊቴ ያለው መስታወት የአማቴን ፊት አመጣልኝ። ዓይን ለዓይን ተጋጨን። እሳቸው ነጠላቸውን ወደ ላይ ሳቡ፣ እኔ መስታወቱን ወደ ጣሪያው አዞርኩት። በጎን መስታወቶች ብቻ እየነዳሁ በዮክነዓም በኩል ወረድኩ።

አፉላ የደረስነው ከሰዓት በኋላ ነው። ከዚያ በኋላ ስላየሁት ብዙ አልጽፍም። ሁለቱ እህትማማቾች ተቃቅፈው አንድ ላይ መናገር ጀመሩና አንደኛቸው ሌላኛቸውን አልሰሙም። እኔ በረንዳ ላይ ቁጭ ብዬ አፍንጫዬን ጠረግሁ። አቧራ ነው አልኳት ብርቱካንን። አላመነችኝም።

መመለሻ

በዋዲ ዓራ በኩል ስንመለስ ፀሐይዋ ፊት ለፊት ነበረች። አንድ ትልቅ የጭነት መኪና ከኋላ ተለጥፎብን ኖሮ፣ እኔ ሳላየው ወደ ግራ ልወጣ ስል ጡሩምባውን ነፋ። ክው ብዬ ወደ መስመሬ ተመለስኩ። ብርቱካን መሪውን ልትይዝ ምንም አልቀራት። መኪናው አልፎን ሄደ።

«አንቱ» የሚል ድምፅ ከጀርባዬ መጣ።

ብርቱካን ዞረች። ለእሷ አልነበረም።

«መስታወቱን ይመልሱት» አሉኝ አማቴ። «ልጄን ይዘዋል። እህቴን አሳይተውኛል። እኔን ቢያዩኝ አልጎድልም፣ ወደ ኋላ ይዩበት።»

በስድስት ዓመት አይደለም፣ ከሠርጋችን ጀምሮ ባሉት አሥራ ሁለት ዓመታት ለእኔ ያሉት የመጀመሪያው ቃል ነው። መስታወቱን መለስኩት። ነጠላው ትከሻቸው ላይ ወርዷል። በቀኝ ጉንጫቸው ላይ ስርጉድ አለ፤ የብርቱካን ስርጉድ። ከየት እንዳመጣችው ሳላውቅ አሥራ ሁለት ዓመት ወድጄው ኖሬያለሁ።

ነታንያ ስንገባ ጀምበር ልትጠልቅ ነበር። ስነሳ የፈለግሁት ለሥራዬ የምትስማማ መኪና ነበር፤ ደረጃዋንም በመስኮቷና በብረቷ ልለካት ነበር ሐሳቤ። አሁን የሚጠይቀኝ ሰው ቢኖር፣ የምትገዛት መኪና ውስጥ መጀመሪያ አማትህን አስቀምጣቸው እለዋለሁ። ቱቦ ጣሪያ ላይ ይታሰራል።

ነቬ ኢታማር ስንደርስ አማቴ መያዣውን ጨብጠው በራሳቸው ወረዱ። ብርቱካን ዘንቢሉን ይዛ ቀድማ ደረጃውን ወጣች። እሳቸው በሩን ዘጉት፣ አልሄዱም። ጎንበስ ብለው በመስኮቱ አዩኝ።

«ነገ ሐኪም ቤት ቀጠሮ አለኝ» አሉ። «ስንት ሰዓት ይመጡልኛል?»