የካርዱ ላይ ሰውዬ

የተጫዋቾች ፎቶ ያለበትን የቤዝቦል ካርድ መሰብሰብ ሱሴ ነው። አንድ ቀን እዚህ አሜሪካ፣ ፌርፋክስ ባለ የሐበሻ ምግብ ቤት ቁጭ ብዬ፣ ለዓመታት ፈልጌ ያገኘሁትን የአንድ የድሮ ተጫዋች ካርድ አገላብጣለሁ። ሰውዬው መጫወት ካቆመ በኋላ ድምፁ ጠፍቷል፤ እኛ ሰብሳቢዎች ሞቷል ብለን ደምድመናል። ከቸርች የማውቃቸው እትዬ አስቴር በአጠገቤ ሲያልፉ ካርዱን አዩና ደርቀው ቀሩ።

«አንተ! ይሄን ፎቶ ከየት ሰረቅከው?»

ቤቱ ሙሉ ዞሮ አየኝ።

«ኧረ እትዬ፣ ኦንላይን ገዝቼው ነው!»

«አትዋሸኝ! ሥራዬን ልታሳጣኝ ነው? አልጋቸው ራስጌ የተሰቀለው የወጣትነት ፎቷቸው እኮ ነው!»

«የማን አልጋ?»

«የማስታምማቸው ሽማግሌ ነዋ! አሁን ጺማቸውን ላጭቻቸው መምጣቴ ነው።»