ያልታጠበ ጠጉር

ናፍጣ ሲሸተኝ እናቴ ትመጣብኛለች። ሰው እናቱን በቅቤ፣ በአሪቲ ያስታውሳል፤ እኔ በናፍጣ። ምን ላድርግ! ሞላሌ ገበያ ወጥቼ አንዱ መኪና አጠገቤ ቆሞ ጭሱን ሲለቅ፣ ሰው ሁሉ አፍንጫውን ይዞ ሲሸሽ፣ የእኔ እንባ ዱብ ዱብ ይላል። የሚያየኝ ጭሱ ዓይኗን አቃጠላት ይበል።

እማዬ የታመመችው ጡቷን ነበር። እብጠቱን ደብቃን ከርማ፣ ቁስል ሆኖ ሲፈነዳ ነው የነገረችን። ደብረ ብርሃን ወሰድናት፤ ከዚያ ወደ አዲስ አበባ ላኩን። ሐኪሞቹ አዩ፣ ተማከሩ፣ ዘግይታችኋል አሉና ማስታገሻ ሰጥተው መለሱን። እኔ ባሌን ፈትቼ ወላጆቼ ቤት ከገባሁ ቆይቶ ስለነበር ማስታመሙ የእኔና የአባባ ሆነ። አባባ ባና ይሠራሉ፤ ከበግ ጠጉር የሚሸመነውን ወፍራም የብርድ ልብስ። እኔ እፈትላለሁ፣ እሳቸው ይሸምናሉ። እኔ እለፈልፋለሁ፣ እሳቸው ዝም ይላሉ። እንዲህ ነበር የምንኖረው።

ከቤታችን ቁልቁል፣ ከመኪናው መንገድ ሥር፣ ጸበል አለ። ከቋጥኝ ሥር ይፈልቅና በድንጋይ የተከበበች ትንሽ ገንዳ ይሞላል። እማዬ እህል አልዋጥ ካላት በኋላ ጉሮሮዋን የሚያልፈው ያ ውሃ ብቻ ሆነ። ሌላ ውሃ ብንሰጣት አፍታም ሳይቆይ ትመልሰዋለች። ማታለል ሞክሬ ነበር፤ የቧንቧ ውሃ በዚያው በጸበሉ ጀሪካን አቀረብኩላት። ወዲያው ተፋችው። እናም ጠዋት ጠዋት፣ ምንም ሳትቀምስ፣ አባባ አዝለው ያወርዷታል። ገንዳው ዳር ያስቀምጧትና በመጀመሪያ ይቀዱላታል፤ ትጠጣለች። ቀጥሎ ከነቁስሏ ይነክሯታል። ስትመለስ ፊቷ ትንሽ ይፈታል፣ ጥቂት ሰዓት እንቅልፍ ይወስዳታል። እኛም ከዚያ ሌላ የቀረን ነገር አልነበረም።

ግንቦት ላይ ነው። ለወፍጮ ቤት ናፍጣ በበርሜል የጫነ መኪና መታጠፊያው ላይ ፍሬን እምቢ አለውና ተገለበጠ። ሾፌሩ ተረፈ፣ ተመስገን። በርሜሎቹ ግን እየተንከባለሉ ወረዱና አንዱ ልክ ከጸበሉ በላይ ካለው ድንጋይ ጋር ተላትሞ ተቀደደ። ጩኸት ሰምቼ ስሮጥ ብደርስ፣ ናፍጣው በሣሩ ውስጥ ተሽለክልኮ ገንዳዋ ውስጥ ገብቷል። ውሃው ላይ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ወይን ጠጅ ሆኖ ተንጣልሏል። ደግሞ ማማሩ! እሱ ነው ይበልጥ ያናደደኝ።

እግዚኦ ያላለ ሰው የለም። ሁሉም ከየቤቱ ያለውን ይዞ መጣ። መጀመሪያ አመድ በተንበት። አመዱ ናፍጣውን ትንሽ ያዝ አደረገና ይዞት ወደ ታች ወረደ፤ ገንዳዋ ከላይም ከታችም ቆሸሸች። ኤዲያ! ቀጥሎ የገብስ ገለባ መጣ። ገለባው አልሰጠመም፣ ናፍጣውንም ይነካካል፤ ግን በላይዳ ስናነሳው ግማሹን መልሶ ያንጠባጥበዋል። አብሮት የመጣው እብቅ ከገለባው ይሻል ነበር፤ ይጠጣል። ግን እንደ እሱ ያለ ደቃቅ ነገር ከውሃ ላይ በምን ተለቅሞ! በጣታችን መሃል እያመለጠ አስለቀሰን።

ያን ጊዜ እጄን አየሁ። ቀኑን ሙሉ ስፈትል ስውል እጄ ወዝ በወዝ ነው የሚሆነው፤ የበግ ጠጉር የራሱ ቅባት አለው። በጎቻችን ዝናብ መትቷቸው ሲገቡ ውሃው ከላያቸው ኮለል ብሎ ይወርዳል እንጂ ውስጥ አይዘልቅም። ታዲያ ይኼ ነገር ውሃውን ትቶ ናፍጣውን ቢወስድስ? ወደ ቤት ሮጥኩ። ከጓሮ በጎቹን ስንሸልት የምንጥለው ጠጉር ተከምሯል፤ የሆዱና የጭራው፣ እበት የተጋገረበት፣ ለፈትል የማይሆን ውዳቂ። በጆንያ ሞልቼ ወረድኩና ገንዳው ላይ በተንኩት።

ላዩ ላይ ቀረ። አልሰጠመም። እያየነው ናፍጣውን ስቦ ስቦ ጠቆረ። አውጥተን ሳፋ ላይ ጨመቅነው፣ መልሰን ጣልነው፣ እንደገና ጠጣ። ወይ ጉድ! አንዷ ጎረቤታችን እልል አለች። የገንዳዋ ግማሽ ጠርቶ የታችኛው ድንጋይ መታየት ጀምሮ ነበር።

አባባ የደረሱት ይኼኔ ነው። እማዬን ለብቻዋ ትተው መውጣት ስላልሆነላቸው፣ የሚጠብቃት ሰው እስኪያገኙ ቆይተው ነበር። ጆንያውን አዩ፣ ውሃውን አዩ፣ አማተቡ።

«ልጄ፣ ምን ነካሽ? በታቦት ጸበል ላይ የበግ ቂጥ ትጨምሪያለሽ?»

«አባባ፣ እየሠራ ነው እኮ! ይዩት እስቲ!»

«ይሥራ። ግን ንጹሕ ይሁን። እዚህ ጫማ ተወልቆ ነው የሚገባው።»

ሰዉም ቀዝቀዝ አለ። ሲጨምቅ የነበረው ሁሉ እጁን ሰበሰበ። ቄሱ ቀየት የሚባል አገር ለቀብር ሄደዋል፤ ስልካቸውም አይሠራም። የሚጠየቅ የለ። አባባ ለእማዬ ባና ሊሠሩላት ያስቀመጡትን ምርጥ ነጭ ጠጉር ከቤት አስመጡ። ለጸበል የሚገባው ይኼ ነው አሉ። ሴቶቹ እንዶድ ወቅጠው፣ አረፋውን ኩፍ አድርገው አጠቡት። ጥድፊያ ነበር፤ ያለቀለቀው ሰው አልነበረም። እኔ ጮህኩ፣ ተሳደብኩ፣ ጆንያዬን ወርውሬ ሽቅብ ወጣሁ። ከላይ ሆኜ ነው ያየሁት።

ነጩ ጠጉር ውሃውን ጠጥቶ ሰጠመ። እንዶዱ ወዙን ሁሉ አጥቦ ወስዶታልና ከውሃ የሚከላከለው ነገር አልቀረለትም። እሱስ ባልከፋ፤ በውስጡ የቀረው አረፋ ገንዳው ላይ ተለቀቀ። ላዩ ላይ ተንሳፍፎ የነበረው ናፍጣ ተበታተነ፣ ተሰባበረ፣ ውሃው ውስጥ ገባ። ጸበሉ እንደ አጓት ነጣ። ከዚያ በኋላ ምን ይነሳል? ከላይ ያለ ነገር ይለቀማል፤ የተቀላቀለ በምን ይለያል! ሰዉ ግን ከእንዶዱ ነው ብሎ ያሰበ የለም። ቁጣ ነው፣ ኃጢአታችን ነው፣ እያለ ተበተነ። አባባም እንደዚያው አመኑ።

ቄሱ ሲመለሱ ውሃውን አሸተቱ። ዙሪያውን እሾህ አጠሩበትና ማንም እንዳይቀምስ አሉ። አባባ በማግስቱ አህያቸውን ጭነው ከሸለቆው ማዶ ወዳለው ሌላ ጸበል ሄዱ። ጎሕ ሲቀድ ወጥተው ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን ይመለሳሉ። በየቀኑ። እግራቸው አብጦ። ያመጡትን ውሃ እማዬ በማንኪያ ትሞክረዋለች፣ ትመልሰዋለች። ከንፈሯ ደርቆ ተሰነጣጠቀ።

አንድ ተስፋ ነበረኝ። ምንጩ ከሥር ይፈልቃል፤ ገንዳውን ደጋግመን ብንጠርገው አዲሱ ውሃ ያጠራዋል። ችግሩ ከላይ ያለው አፈር ናፍጣውን ጠጥቶ ተቀምጧል፤ ክረምቱ ሲገባ እያንዳንዱ ዝናብ እያጠበ ያወርደዋል። ስለዚህ ከገንዳው በላይ ቦይ ቆፍረን ናፍጣውን የሚያስቀር ነገር መጎዝጎዝ አለብን። ምን? ዳግመኛ በግምት አልሠራም አልኩ። ከየጎረቤቱ ሳፋ ለመንኩና ግቢያችን ውስጥ ደረደርኩት። በየሳፋው ውሃ፣ በላዩ ትንሽ ናፍጣ። አንዱ ላይ ገለባ፣ አንዱ ላይ እብቅ፣ አንዱ ላይ ከአሮጌ ጣሪያ የወረደ የጓሳ ሣር፣ አንዱ ላይ ሞላሌ ካለ አናጢ ያመጣሁት ሰጋቱራ፣ አንዱ ላይ ያ ውዳቂ ጠጉር። አንድ ሳፋ ተርፎኝ ነበር። ከዚያን ቀን የተረፈውን፣ እንዶዱ ላዩ ላይ የደረቀበትን ነጭ ጠጉር፣ እጄ ስለገባ ብቻ ጨመርኩበት።

ጓሳው ምንም እንዳልተደረገ ተንሳፍፎ ዋለ፤ ቆዳው ልሙጥ ነው፣ ናፍጣው አልያዘውም። ሰጋቱራው መጀመሪያ ላይ ጎበዝ መሰለኝ፤ ቆይቶ ግን ውሃውንም ሲጋት ሲጋት ከበደና ወረደ። ውዳቂው ጠጉር እንደገና አላሳፈረኝም። የመጨረሻው ሳፋ ነጣ።

አባባ ከግቢው ማዶ በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው ከጠጉር ላይ ጉድፍ እየለቀሙ ነበር። እጃቸው ሲቆም አየሁ።

«ያ የኔ ነው?» አሉኝ።

«የቱ አባባ?»

«ነጩ።»

ተነሥተው መጡ፣ ሳፋው ውስጥ እጃቸውን ነከሩ፣ አሸተቱ። ተመልሰው ተቀመጡና ለቀማቸውን ቀጠሉ። ምነው በሰደቡኝ! ምነው ጆሮ ግንዴን ባሉኝ!

ቦዩን ቆፈርን። የመንደሩ ሰው የጣለውን ጠጉር ሁሉ በጆንያ ሰጠን፤ ቄሱም እበቱን እያዩ ባረኩልን። ክረምቱን ሙሉ ናፍጣውን እዚያው አስቀረልን። ዛሬ ምንጩ ጠርቷል፣ ሰው ይጠጣዋል። ለእማዬ ግን አልደረሰላትም።

ሳፋዎቹን ያዩ ዕለት አባባ ያመጡትን ውሃ በጣሳ ቀድተው እማዬ አልጋ ሥር ተንበረከኩ። እኔ ራስጌዋ ነበርኩ።

«ይቅር በይኝ» አሉ። «ውሃሽን ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ልጅቱ ልታድነው ነበር። እኔ ነኝ ያስቆምኳት።» ሁሉንም ነገሯት፤ ጆንያውን፣ እንዶዱን፣ ነጩን ጠጉር። አንድም ነገር አልሸሸጉ።

እማዬ ዓይኗን ጨፍና ሰማች። ከዚያ ቀስ ብላ፣ «ለምን አሳጠቡት?» አለች።

«ጸበል ነዋ! እንዴት ከነእበቱ...»

ዓይኗን ገለጠች። «ኧረ እርስዎ! እኔን ከነመግሌ፣ ከነሽታዬ ሲነክሩኝ የቻለ ውሃ፣ በግ ይጸየፋል ብለው ነው?»

ለቀልድ ነው ያለችው፤ አውቃታለሁ። ልትስቅ ፈልጋ ሳሉ ቀደማት። አባባ ግን ፊታቸውን አልጋው ላይ ደፉ። አባቴ ሲያለቅሱ ያን ቀን አየሁ። እማዬ እጇን እንደምንም አንሥታ ራሳቸው ላይ አሳረፈች።

«በሉ፣ አይዞዎት» አለች። «ይልቅ የደከሙበትን ውሃ ይስጡኝ፤ ጠማኝ።»

አንገቷን ደግፈው አቀረቡላት። ጎንጨት አለች፣ ዋጠች። ደግማ ጎንጨት አለች። ጣሳውን እስክትጨርሰው ድረስ ዓይን ዓይናቸውን እያየች ጠጣች። የአባባ ፊት ሲበራ ያን ጊዜ ማየት ነበር! «ወረደልሽ?» አሉ። «ወረደ፤ እንዴት ያለ ጥሩ ውሃ ነው» አለቻቸው። ስሟት፣ ነገም በማለዳ እሄዳለሁ እያሉ አህያቸውን ሊያስገቡ ወጡ።

በሩ ሲዘጋ እጄን ጨመቀችኝ። ሳፋ አምጪ ማለቷ ነው። ግንባሯን ይዤላት ሁሉንም መለሰችው፤ ያ ሁሉ ውሃ ወጥቶ እስኪያልቅ።

«ቀስ ብለሽ ድፊው» አለችኝ። «እንዳይሰሙ።»