የወይዘሮ ዘይነባ ኮሌታ

አዳማ ውስጥ ልብስ ስፌት ቤት የተቀጠርኩ ቀን፣ ገና ስገባ የስፌት መኪና ላይ የምቀመጥ መስሎኝ ነበር። የት ተገኝቶ! አለቃዬ ጋሽ ተክሌ ያለቀ ሸሚዝ ሰጡኝና «ኮሌታውን ፍቺ» አሉኝ። ፈታሁ። «መልሰሽ ስፊው» አሉኝ። ሰፋሁ። አገላብጠው አዩትና «ፍቺው» አሉ። አንዱን ኮሌታ አራት ጊዜ ፈትቼ አራት ጊዜ ሰፋሁት፤ ጣቴ በመርፌ ተበሳስቶ ማልቀስ ነበር የቀረኝ።

ወደ ቤቴ ልሄድ ስል ሜትሩን አንገቴ ላይ አዙረው ሁለት ጣታቸውን በመሃል አስገቡ። «አየሽ አስካለ፣ ኮሌታ እንዲህ ነው የሚለካው። ሰው ይውጣል፣ ይስቃል፣ ይተነፍሳል። ደግሞ በናሙና ልብስ ኮሌታ እንዳትቆርጪ። ባለቤቱ ይምጣ» አሉኝ።

ያኔ አዲስ ገቢ ይፈታል፣ አዝራር ይተክላል። ሲሻሻል ዘምዛሚ፣ ከዚያ ሰፊ ይሆናል። መቀስ የሚነካው ግን ቆራጩ ብቻ ነው። እኔ መቀስ እስክይዝ ስድስት ዓመት ፈጅቶብኛል። ጋሽ ተክሌ አርጅተው ሲተዉት ቤቱን እኔ ያዝኩት።

የድግስ ቀሚስ ሲመጣልኝ እስከ ዛሬ በእጄ ነው የምሰፋው። ኮሌታውንማ መኪና አላስነካውም። ሁለቱን ጨርቅና በመሃል የሚገባውን ጠንካራ ገበር አንድ ላይ እሰፋለሁ፣ እገለብጠዋለሁ፣ ጫፉን አውጥቼ በካውያ እተኩሰዋለሁ። ከዚያ ከማጅራት ጀምሬ ወደ ፊት በስፒል እይዘዋለሁ። ከፊት የጀመረ ሰው ኮሌታው ይጣመምበታል።

አንድ ቀን ሰሚራ የምትባል ልጅ የእናቷን አሮጌ ቀሚስ በፌስታል ይዛ መጣች። ዱከም ፋብሪካ እየሠራች እዚያው ነው የምትኖረው፤ ኒካዋ፣ ሰርጓ ማለት ነው፣ ሊደርስ አሥር ቀን ቀርቶታል።

«እትዬ አስካለ፣ እማዬ እንዳትሰማ! ሰርፕራይዝ ላደርጋት ነው። ለኒካዬ የምትለብሰውን ቀሚስ በዚህ ልክ ይስፉልኝ፤ ቆም ያለ ኮሌታ ይኑረው።»

የጋሽ ተክሌ ቃል ትዝ አላለኝም ብል ውሸት ነው። ግን እናቷን ወይዘሮ ዘይነባን አውቃቸዋለሁ። ገበያ ውስጥ ሻርፕ አንገታቸው ላይ ጠምጥመው በርበሬና ቅመም ይሸጣሉ፤ በየሳምንቱ በኦሮምኛ «አካም ጅርታ» ተባብለን፣ ደህንነት ተጠያይቀን ነው የምንለያየው። ደግሞ ይሄን ሁሉ ዘመን ቆርጬ ምን ያሳስተኛል ብዬ፣ ሜትሬን ናሙናው ላይ ዘረጋሁ። ትዕቢት ነው፣ ሌላ ስም የለውም።

ኒካው ሁለት ቀን ሲቀረው ሰሚራ ምስጢሩን ለእናቷ ነግራ በባጃጅ አመጣቻቸው። «ሂና የምትቀባኝን ሴት አናግሬ እመለሳለሁ» ብላ ሄደች። መጋረጃውን ዘግቼ ቀሚሱን አለበስኳቸው። ትከሻው ልክ፣ ወገቡ ልክ። ደስ አለኝ።

«ሻርፑን ይፍቱልኝ፣ ኮሌታውን ልዝጋው።»

«በላዩ ይሁን፣ እህቴ።»

«ኧረ ሴቶች ብቻ ነን!»

እጄን ከሻርፑ ሥር አስገብቼ ሁለቱን የኮሌታ ጫፎች ሳብኩ። አልገናኝ አሉ። አራት ጣት ሙሉ ይራራቃሉ! ወይ ጉዴ፣ ምን ነክቶኝ ነው እንዲህ የቆረጥኩት ብዬ ላብ አጠመቀኝ። ሳብ ሳደርገው ወይዘሮ ዘይነባ አሳላቸው፤ ትንፋሽ አጠራቸው። ከዚያ ሻርፑን ፈቱት።

ክው አልኩ። ጉሮሯቸው ላይ ብርቱካን የሚያህል እብጠት ነበር።

«በስመ አብ! መቼ ነው ይሄ?»

«ዓመት አለፈው» አሉኝ በሹክሹክታ። «ሰሚራ ከሰማች ኒካውን ታስቀራለች። በአላህ ይዤሻለሁ፣ ተሳስቼ ቆርጬው ነው በያት።»

«እሺ» አልኳቸው። «ግን ኮሌታው እኔ ጋ ይቀራል። ከኒካው በኋላ ሰኞ ሐኪም ቤት ካልሄድን፣ እሱን ይዤ ሄጄ ለሰሚራ ሁሉንም ነው የምነግራት።»

ሰሚራ ስትመለስ «ቆርጬ አበላሸሁት» አልኳት። ጎረቤት እስኪሰማ ጮኸችብኝ። «እጄ አይስትም እያሉ! ባለሙያ ብዬ አምኜዎት!» አለችኝ። አንጀቴን በላችኝ። ኮሌታውን ፈትቼ አንገቱን ክብ አድርጌ ዘመዘምኩት። እናት ሻርፕ ጠምጥመውበት ልጃቸውን ዳሩ።

ሰኞ ጠዋት ኮሌታውን በቦርሳዬ ይዤ ገበያ ሄድኩ። ወይዘሮ ዘይነባ ሲያዩኝ የበርበሬውን ጆንያ ሸፈኑና ተነሡ።

ሐኪሙ «ጋደም ብለው ይተኛሉ?» ሲላቸው «ኧረ የለም፣ አምስት ወር ሆነኝ፤ ግድግዳ ተደግፌ ቁጭ ብዬ ነው የምተኛው» አሉ። በየሳምንቱ ሰላም የምላቸው ሴትዮ! እብጠቱ ወደ ውስጥ አድጎ የአየር መተላለፊያውን ተጭኖት ነበር። ሐኪሙ ተቆጣ፦ «ትንሽ ብትዘገዩ ይታፈኑ ነበር! ምን ስትጠብቁ ነው?» «አሁን ንገሪያት» አሉኝ ወይዘሮ ዘይነባ፤ ለሰሚራ ደወልኩላት።

ቀዶ ሕክምናው ተሳክቶ፣ ቁስሉ ከደረቀ በኋላ እናትና ልጅ ቀሚሱን ይዘው መጡ። ሰሚራ በሩ ላይ ቆማ ቀረች።

«እትዬ፣ ያን ሁሉ ስጮህብዎ እንዴት ዝም አሉኝ?»

«ነይ ግቢ ባክሽ፣ ሜትሩን አቀብይኝ» አልኳት። እንባዬ ቀድሞኝ ነበር።

ወይዘሮ ዘይነባ ሻርፑን ራሳቸው ፈቱት። ጠባሳው ቀጭን ነው። «አልሐምዱሊላህ፣ ተዘርግቼ ተኛሁ» አሉኝ። ያስቀመጥኩትን ኮሌታ አውጥቼ ሞከርኩት። አሁን ደግሞ ሰፋባቸው፤ ሕመሙ አክስቷቸዋል። ወደ ጎን ጣልኩትና ሜትሩን አዙሬ፣ ሁለት ጣቴን አስገብቼ እንደ አዲስ ቆረጥኩ።

ኮሌታ በናሙና ልብስ አይቆረጥም። ባለቤቱ ይምጣ፣ ሻርፑን ይፍታ፣ አንገቱ ይለካ።